ናይት ጋርዳችሁ ስንት ጊዜ ይቆያል? አያያዙ ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ መቀየሪያው ቀን

ናይት ጋርድ የምለው ተኝቶ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ሌሊት ጥርሱ ላይ የሚያጠልቀውን የፕላስቲክ መከላከያ ነው። የመጀመሪያው ናይት ጋርዴ የኖረው 11 ቀን ብቻ ነው። ገዳዩ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እህቴ ልጇን ይዛ ከጎንደር መጥታለች። ወጥ ቤት ስገባ የሕፃኑን ጡጦ በድስት ትቀቅላለች። «ጀርሙን ይገድለዋል» አለችኝ። ሐሳቡ ደስ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አፌ ውስጥ ያደረ ነገር መቼም ጀርም አያጣም። ከጡጦው ጎን ጣል አደረግኩት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ በማንኪያ ሳወጣው ሌላ ነገር ሆኗል። አንዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፣ ሌላው ተንጋዷል። ጥርሴ ላይ ላጠልቀው ብሞክር ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

የጥርስ ሐኪሟ በሁለት ጣቷ አንስታ አየችውና «እንቁላል መሰለዎት እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለውጫለሁ። ሁለተኛው አንድ ዓመት ከሁለት ወር አገለገለ። ሦስተኛው አራተኛ ዓመቱን ይዟል። አንዱ ምክንያት ሦስተኛው ከጠንካራ ቁስ መሠራቱ ነው። ጥርሴ ግን ያው ነው፣ እንደ ድሮው ያፋጫል። የተለወጠው ጠዋት ከአልጋ ከወረድኩ በኋላ ያለው አምስት ደቂቃ ነው። ናይት ጋርድ ጥርስ ሲነክሰው ቀስ ብሎ ያልቃል። በአያያዝ ግን በአንድ ቀን ይሞታል። ይህን ያህል የምጽፈውም ለዚያ አምስት ደቂቃ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ወስፋት

እናቴ ጥርሴን እንደማፋጭ ስትሰማ አንዴም አልተጠራጠረችም። «ወስፋት ነው ልጄ። ጠዋት በባዶ ሆድህ ነጭ ሽንኩርት ብላ» አለችኝ። በሠፈራችን ተኝቶ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ሁሉ ወስፋት አለበት ይባላል። እኔም ሽንኩርቱን በላሁ። ባለቤቴ በሽታዬ ሁለት ሆነባት፣ ማፋጨቱና ሽታው።

ወስፋት ከጠረጠራችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጋችሁ ለብቻው ታከሙት። በአዋቂ ሰው ላይ የሌሊት ማፋጨት ግን በብዛት የሚያያዘው ከጭንቀትና ከእንቅልፍ ሁኔታ ጋር ነው። ቡና፣ ሲጋራ፣ መጠጥና የሚያነቃቁ ነገሮች ያባብሱታል። ጫትም ከሚያነቃቁት አንዱ ነው፤ በዚያ ላይ መንጋጋን ቀኑን ሙሉ ያሠራል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ያመጡታል። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪም ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ።

አንድ ነገር ከአሁኑ እንግባባ። ናይት ጋርድ ማፋጨትን አያስቆምም። ሥራው በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ገብቶ ዱላውን መቀበል ነው። የጥርሳችን የላይ ሽፋን፣ ኢናሜል፣ በሰውነታችን ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ነው። ግን ሕይወት ያለው ሴል የለውም። አንዴ ከተፋቀ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ናይት ጋርዱ ተቦርቡሮ ስታዩት አትናደዱ። የተሠራው ለዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ ያላችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩ

ዕድሜውም አጠባበቁም በዓይነቱ ይለያያል። ጣታችሁ ይነግራችኋል።

ስትጫኑት እንደ ጎማ የሚለመጥ ከሆነ ለስላሳው ነው። ለመልመድ ይቀላል፣ ቶሎም ያልቃል። ቀለል አድርጎ ለሚያፋጭ ሰው አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ያገለግላል። አጥብቆ የሚያፋጭ በጥቂት ወራት ሊበሳው ይችላል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ለስላሳውን እንደ ማስቲካ ያኝከዋል። እኔ ከእነዚያ ነኝ።

እንደ መነጽር ፕላስቲክ ደረቅ ያለውና ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ቀጭ የሚለው አክሪሊክ ነው። በደንብ ከተያዘ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይሄዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። መጀመሪያ ሲያጠልቁት ያጨንቃል። በውድቀት ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው ድርብ ነው። ከውስጥ ለስላሳ፣ ከውጭ ጠንካራ። ዕድሜውም በሁለቱ መካከል ነው።

አራተኛው ከመደብር ተገዝቶ ቤት ውስጥ በፈላ ውሃ ለስልሶ የሚነከሰው ነው። ይህ ጊዜያዊ ነው። ለጥቂት ወራት አስቡት እንጂ ለዓመታት አትመኩበት። በጥቅሉ ላይ ያለው መመሪያ «የፈላ ውሃ» ሲል ብዙ ጊዜ 100 ዲግሪን ታስቦ ነው። ባሕር ዳር ግን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለማለስለስ ይበቃል። ውሃው በደንብ ሳይንተከተክ ግን አትንከሩት። በመመሪያው ከተባለው ሰከንድ በላይም አታቆዩት። አውጥታችሁ ለአፍታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጉት፣ አለዚያ ድድ ያቃጥላል። ከነከሳችሁ በኋላ ከውጭ በጣታችሁ ወደ ጥርሱ ጫን ጫን አድርጉ። ፈላ ውሃ የሚያይበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ አዲሱን ስትረከቡ አትቸኩሉ

ልክ የተወሰደበት ናይት ጋርድ ሲመጣ ብዙ ሰው አንዴ አጥልቆ «ጥሩ ነው» ብሎ ይወጣል። ወንበሩ ላይ እያላችሁ አፋችሁን ከፍታችሁ ዝጉ። መንጋጋችሁን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አንሸራትቱ። አንዱ ጎን ቀድሞ የሚነካ ከሆነ ተናገሩ። ሐኪሙ በቀለማማ ወረቀት አስነክሶ የሚበዛውን ይሞርደዋል። ይህን ሳያደርጉ የወሰዱት ናይት ጋርድ በአንድ ጎን ብቻ እየተመታ በግማሽ ዕድሜው ይሰነጠቃል። መንጋጋም ያሳምማል።

ከመውጣታችሁ በፊት ቁሱ ምን እንደሆነ፣ በምን ሊታጠብ እንደሚችልና ለማስተካከያ መቼ መመለስ እንዳለባችሁ ጠይቁ። ቤት ስትደርሱ የሳጥኑ ሆድ ላይ በማርከር ቀኑን ጻፉ። «ኅዳር 12» ብቻ እንዳትሉ፣ ዓመተ ምሕረቱንም ጨምሩ። እኔ የመጀመሪያው ላይ ዓመቱን ትቼው ነበር። ለነገሩ እሱ ዓመት የሚያስፈልገው አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ምራቅ ይበዛባችኋል። አፋችሁ ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ ነው። አንዳንዴ ተኝታችሁ ሳታውቁት አውጥታችሁ ትራስ ሥር ታገኙታላችሁ። በአንድና በሁለት ሳምንት ይለመዳል። ካልተለመደ፣ በተለይ አንድ ጥርስ ለይቶ ካመማችሁ፣ ተመለሱ። ሕመም የመልመድ ምልክት አይደለም።

ደረጃ 3፦ ማታ

ይህ አጭር ነው። ጥርሳችሁን ቦርሹ፣ በጥርስ ክር በመካከሉ ያለውን አውጡ፣ ናይት ጋርዱን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ አጥልቁ። በጣት ግፉት እንጂ ነክሳችሁ አታስገቡት። ነክሶ ማስገባት አክሪሊኩን ይሰነጥቀዋል።

ካጠለቃችሁ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አይጠጣም። ስኳር ያለው ሻይ ከሥሩ ገብቶ እዚያው ያድራል። ምራቅ እንደልቡ ገብቶ ስለማያጥበው ጥርስ ከጣፋጭ ጋር ተከድኖ አደረ ማለት ነው። ጥርሱን ለመጠበቅ የተገዛው ዕቃ ጥርሱን ያበላሸዋል።

ደረጃ 4፦ ጠዋት (እዚህ ላይ ቁም ነገር አለ)

ናይት ጋርዱን ስታወጡ በሁለቱም ጎን ከኋላ ጥርስ ጀምራችሁ እኩል ሳቡት። በአንድ ጎን ብቻ ፈልቅቃችሁ ስታወጡት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጣመማል። አንድ ቀን መሃሉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታያላችሁ።

ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት። ወዲያው ስል ቡና ሳይፈላ፣ ስልክ ሳይነሳ ማለቴ ነው። ምራቅ እርጥብ ሳለ በውሃ ብቻ ይሄዳል። ከደረቀ በኋላ ግን ስስ ነጭ ሽፋን ሆኖ ይጣበቃል። ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ሰው ሽታውን ለማጥፋት ሲል ደግሞ ወደ በረኪናና ወደ ፈላ ውሃ ይሄዳል። የጥፋቱ ሰንሰለት የሚጀምረው ሳይታጠብ ከዋለበት ጠዋት ነው።

ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ያዙ፣ ለእሱ ብቻ የተመደበ። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ወይም ሽታው የማይበዛ የእጅ ሳሙና ይበቃል። ከውስጥም ከውጭም ቀስ ብላችሁ ፍቁት። በተለይ የውስጡን ጉድጓዶች፣ የመንጋጋ ጥርስ የሚቀመጥባቸውን፣ አትርሱ። ቆሻሻው እዚያ ነው የሚደበቀው። ሳሙናው ጣዕሙ እስኪጠፋ አለቅልቁ።

የጥርስ ሳሙና ግን አይሆንም። ይህን ስነግረው የማይገረም ሰው አላገኘሁም። ጥርስ የሚታጠብበት ኮልጌት ጥርስ ላይ የሚጠለቀውን እንዴት ይጎዳል? የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት አለ። ኢናሜል ይችለዋል። ፕላስቲኩ ግን ከኢናሜል በጣም ይለሰልሳል። በዓይን የማይታይ ጭረት ይወጣበታል። ጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይሰፍራል፣ የቡናና የሻይ ቀለም ይገባል። መስታወት ይመስል የነበረው በወራት ውስጥ ይደፈርሳል። በተለይ የሚያነጡ የሚባሉት የባሱ ናቸው። መፋቂያም እንደዚያው። መፋቂያ ለጥርስ የተባረከ ነገር ነው፣ ናይት ጋርድ ላይ ግን እንዳይደርስ።

ቧንቧ ሲጠፋ በጀሪካን ውሃ እጠቡት፣ ችግር የለውም። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ግን የምትጠጡት ዓይነት ውሃ ይሁን። አፍ ውስጥ ስምንት ሰዓት የሚያድር ነገር ነው። ሐይቁ ዳር ያደራችሁ እንደሆነም በጣና ውሃ አታለቅልቁት።

አሁን ማድረቅ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እርጥቡን ሳጥን ውስጥ ከተታችሁ ከዘጋችሁት ጨለማ፣ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ አገኘ። ሻጋታ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ንጹህ ጨርቅ ላይ፣ ፀሐይ በሌለበት፣ ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የባሕር ዳር አየር ራሱ እርጥብ ነውና አንድ ሰዓት ስጡት። ፀጉር ማድረቂያ አትጠቀሙ፣ ምድጃ አጠገብም አታስጠጉ። አንዳንድ ሐኪም አክሪሊኩን በንጹህ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ ሊል ይችላል። እንደዚያ ከተባላችሁ የሐኪማችሁን ስሙ፣ ውሃውን ግን በየቀኑ ቀይሩ።

ሲደርቅ ወደ ሳጥኑ ይግባ። ሳጥኑ አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ያሉት ይሁን። ሳጥኑም ይታጠባል። ንጹህ ናይት ጋርድ ቆሻሻ ሳጥን ውስጥ መክተት ገላን ታጥቦ ያደረ ልብስ እንደመልበስ ነው።

ደረጃ 5፦ በሳምንት አንዴ ጠለቅ ያለ እጥበት

የቱንም ያህል ብትቦርሹት ከጊዜ በኋላ ነጭ ጠጣር ነገር ይጋገርበታል። ከምራቅ የሚወጣው ካልሲየም ነው፣ ጥርስ ላይ ድንጋይ የሚሠራው ያው ነገር። ይህን በጥፍር ወይም በቢላ ጫፍ አትፈልቅቁት።

እኔ የምጠቀመው ነጭ አቼቶ ነው። በየሱቁ አለ። እኩል አቼቶና እኩል ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ቀላቅሉ። ናይት ጋርዱን ለ20 ደቂቃ ያህል ንከሩት፣ ከግማሽ ሰዓት አትለፉ። አውጥታችሁ በሳሙና ቦርሹና ደጋግማችሁ አለቅልቁ። መጀመሪያ ቀን ሰላጣ ሰላጣ ይላችኋል። በሁለተኛው ቀን ይጠፋል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ማጽጃ እንክብል ፋርማሲ ካገኛችሁ እሱም ይሆናል። ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ አምቦ ውሃ ይፈላል። ማሸጊያው ላይ ያለውን ደቂቃ ጠብቁ። ማሸጊያው «ለብ ያለ ውሃ» ካለ ለብ ያለ ማለት እጃችሁን ስትነክሩበት ሙቀቱ የማይሰማችሁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነክሮ ማሳደር ቁሱን ያደክመዋል። ናይት ጋርዳችሁ የብረት መያዣ ካለው አቼቶም እንክብልም ከመጠቀማችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

በረኪና ክልክል ነው። ፕላስቲኩ ይመጠዋል፣ ከዚያ አፋችሁ ይመጠዋል። በረኪናንና አቼቶን መቀላቀል ደግሞ ከናይት ጋርድም ያለፈ ጉዳይ ነው። መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳኒታይዘር፣ አልኮልና አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫም አክሪሊኩን ያደርቁታል፣ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጡበታል።

ከሙቀት፣ ከፍሊትና ከሶፍት ጠብቁት

ስለ ሙቀት አንዴ ነግሬያችኋለሁ፣ ግን ድስት ብቻ አይደለም። ሚያዝያና ግንቦት ላይ የባሕር ዳር ፀሐይ እንዴት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። የተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት 60 እና 70 ዲግሪ ይደርሳል። ለስላሳው ናይት ጋርድ እዚያ ላይ ቅርጹን ይለቃል። አንድ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ አለኝ። ናይት ጋርዱ ትንሽ ጠበቀብኝ ብሎ ለማስተካከል ቀጠሮ ያዘ። እስከ ቀጠሮው ሰዓት እሠራለሁ ብሎ ሳጥኑን ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀመጠው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪም ጋ ሲደርስ የሚስተካከል ነገር አልነበረም። እንደገና ልክ ተወሰደለት።

የትንኝ ነገርም አለ። ሐይቅ ዳር ነን፣ ማታ ማታ መኝታ ቤት ፍሊት እንነፋለን። ሳጥኑ ደግሞ ቀዳዳ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚቀመጠው አልጋው ራስጌ ላይ ነው። ፍሊት ስትነፉ ሳጥኑን ወደ ሌላ ክፍል አውጡት። ከረሳችሁት ሳታጠልቁት በሳሙና እጠቡት። በረሮና ጉንዳንም ያልታጠበ ናይት ጋርድ ይወዳሉ። የምራቅ ሽታ ይስባቸዋል። ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጥ። ውሻ ካገኘው አያዝንለትም።

ሁለተኛውን ያጣሁት በሶፍት ነው። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ዘጌ ሄደን ነበር። በጀልባ ተሻግረን አክስቴ ቤት አደርን። ሳጥኑን ቤት ረስቼዋለሁ። ጠዋት አውልቄ በሶፍት ጠቀለልኩና ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ ቡና ተጠጥቶ አብቅቷል። አክስቴ የዘጌ ሰው ናት፣ ሦስተኛ ሳይጠጣ አይነሳም። ከዚያ ቄጤማው ተጠርጎ ከአተላው ጋር ተደፍቷል። የቆሸሸ ሶፍት አይታ «ማነው ይሄን እዚህ የጣለው?» ብላለች አሉ። ምን ትበል? ሶፍት የሚጣል ነገር ነው። መንገድ ስትወጡ ሳጥኑን የስልክ ቻርጀር ባለበት ኪስ ውስጥ ክተቱት። ቻርጀር የሚረሳ የለም።

ደረጃ 6፦ በወር አንዴ ወደ ብርሃን አውጡት

እኔ ደመወዝ በገባ ቀን ነው የማየው። በዚያ ቀን ሁሉ ነገር ይቆጠራልና እሱም ይቆጠር።

አጥባችሁ አድርቃችሁ ወደ መስኮት ያዙት። የሌሊት ሥራችሁ ተጽፎበታል። እኔ ላይ በቀኝ ክራንቻ ጥርስ በኩል የጤፍ ፍሬ የምታህል ጎድጓዳ ቦታ አለች። በግራ በኩል ግን እንደ አዲስ ነው። የቀኝ አፋጭ መሆኔን ያወቅኩት ከዚያች ጉድጓድ ነው። መቦርቦሩ ራሱ አያስደነግጥም። ጉድጓዱ አልፎ ብርሃን ካሳየ ግን ጥርስ ከጥርስ ተገናኝቷል፣ ናይት ጋርዱ ሥራውን ጨርሷል።

ጥፍራችሁን በጠርዙ ላይ አንሸራትቱ። የሚይዝ ነገር ካለ ስንጥቅ ነው። ከዚያ አጥልቁትና በምላሳችሁ ግፉት። ከወለቀ ወይም ሲናገሩ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ሰፍቷል። ድንገት የጠበቀ ከሆነ ደግሞ ወይ እሱ ተጣሟል፣ ወይ ጥርሳችሁ ቦታ ለውጧል። ለጥቂት ሳምንታት ሳታደርጉ ቆይታችሁ ከሆነ ይህ ያጋጥማል። በግድ አታስገቡት።

ቢጫ መሆን ብቻውን መቀየሪያ ምክንያት አይደለም። ከታጠበ በኋላም የማይለቅ ሽታ ግን ነው።

የማይታየው ምልክት ደግሞ ጠዋት ላይ ነው የሚመጣው። ጠፍቶ የነበረው የመንጋጋ ድካምና የጆሮ ግንድ ራስ ምታት ከተመለሰ ናይት ጋርዱ ደህና ቢመስልም አሳዩት።

ሲሰነጠቅ፣ ሲሰበር፣ ጥርስ ሲታከም

ሱፐር ግሉ አይሆንም። አፍ ውስጥ እንዲገባ የተሠራ አይደለም፣ የተለጠፈውም ቦታ ልኩን ይስታል። በጥፍር ሞረድ ራሳችሁ አትሞርዱት። አክሪሊክ ብዙ ጊዜ በላብራቶሪ ይጠገናል፣ የጎደለው ይሞላል። ለስላሳው ከተቀደደ አይጠገንም፣ ይቀየራል። የተሰበረውን ግን አትጣሉት፣ ቁርጥራጮቹን ይዛችሁ ሂዱ።

ጥርስ ካስሞላችሁ፣ ካስነቀላችሁ ወይም አዲስ ሽፋን ካስደረጋችሁ የድሮው ናይት ጋርድ ልክ ላይሆን ይችላል። ለእነዚህ ሕክምናዎች ስትሄዱ ናይት ጋርዱን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ይሞክሩላችኋል። ትልቅ የጥርስ ሥራ የሚጠብቃችሁ ከሆነም አዲስ ከማሠራታችሁ በፊት እሱን ጨርሱ። ዋጋው ሁለት ጊዜ የሚከፈል አይደለም።

የሕፃናት ነገር ይለያል። ልጆች ጥርሳቸውን ማፋጨታቸው የተለመደ ነው፣ አብዛኞቹም ሲያድጉ ይተዉታል። መንጋጋቸው ገና እያደገ ስለሆነ ለእነሱ ናይት ጋርድ በራሳችሁ አትግዙ።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ መሄድ ያለባችሁ አፋችሁ አልከፈት ወይም አልዘጋ ሲል፣ ጥርስ ሲነቃነቅ፣ ወይም ናይት ጋርዱን አውልቃችሁ ቀኑን ሙሉ ጥርሶቻችሁ እንደ ድሮው አልገጥም ሲሉ ነው። ጮክ ብላችሁ የምታንኮራፉና ተኝታችሁ ትንፋሻችሁ እየተቋረጠ የሚመለስ ከሆነም ቀድማችሁ ተናገሩ። ይህ የእንቅልፍ ውስጥ የመተንፈስ ችግር ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ናይት ጋርድ ደግሞ ያባብሰዋል። ይህን የምታውቀው ብዙ ጊዜ አጠገባችሁ የምትተኛዋ ናት። ጠይቋት።

ቀን ላይ ደግሞ ነፃ የሆነ ነገር አለ። አሁን ይህን ስታነቡ ጥርሶቻችሁ ተነካክተዋል? ሳንበላና ምራቅ ሳንውጥ መነካካት የለባቸውም። ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ለቀቅ። እኔ ኮምፒውተሬ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ምንም አልጻፍኩበትም። ባየሁት ቁጥር መንጋጋዬን እለቃለሁ።

አሮጌውን ምን እናድርገው?

አዲስ ስታሠሩ አሮጌውን ለሐኪሙ አሳዩ። የት የት እንደተቦረቦረ አይቶ አዲሱን እዚያ ላይ ሊያወፍረው ይችላል። አሮጌው ካልተበሳና ልክ ከሆነ ደግሞ ለመንገድ መጠባበቂያ ይሆናል። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በሌላ ቀለም ሳጥን አስቀምጡት። ከአዲሱ ጋር እያፈራረቃችሁ ግን አትጠቀሙ። ሁለቱ መንጋጋን በእኩል አያስቀምጡትም።

እኔ የቀቀልኩትን ጣልኩት። ሳጥኑን ግን እናቴ «ይሄ እንዴት ይጣላል?» ብላ ወሰደችው። በፈላ ውሃ አጥባ ቅርንፉድ አስቀምጣበታለች።